«የለችም» የምትል አንዲት ቃል

ኦሬንጅ ፋርም፣ ጆሃንስበርግ
ነሐሴ 16 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአስካለች፣

በጌታችንና በመድኃኒታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም የከበረ ሰላምታዬ ካለሁበት አገር ይድረስሽ። እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? እንሰቱ፣ ላሟ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔና ልጃችን ፍሬገነት በጌታ ቸርነት ደህና ነን፤ ስለ ሁሉም ስሙ ይባረክ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምንድን ነው እንዳትዪኝ። ስደውልልሽ ድምፅሽን እሰማና የምለው ሁሉ ይጠፋኛል። «አለሽ?» «አለሁ»፣ «ጤና ነሽ?» «ጤና ነኝ» ተባብለን ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ ጸሐፊ በሶፎንያስ ስልክ ልኬልሻለሁ። አንቺም ጻፊና እንዲሁ አንስቶ ይላክልኝ። ወንድም ሶፎንያስ፣ ይህን ከእህቴ በፊት እያነበብከው ከሆነ ተባረክ፤ ግን ለሚስትህ አትንገራት።

እዚህ ሎክዳውን የሚሉት ነገር አድቅቆናል። መጀመሪያ የውጭ ሰው ሱቅ አይከፈትም ተባለና ቤታችን ቁጭ ብለን ለሽያጭ ያመጣነውን ዱቄት ራሳችን በላነው። አሁን ተከፍቷል። ሰዉ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ሱቁን በከለለው ሽቦ ቀዳዳ «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ» ይለኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ስኖር ስሜን የጠየቀኝ ደንበኛ በጣት ይቆጠራል፤ እዚህ ሀበሻ ባለሱቅ ሁሉ ማይ ፍሬንድ ነው።

ፍሬገነትን ብታያት አታውቂያትም። በቁመት በልጣኛለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ማትሪክ ይሉታል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ሱቁ ጀርባ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ በስልክ ነው የተማረችው። የሰፈሩ አሮጊቶች መድኃኒታቸውን በሽቦው ያቀብሏታል፤ ታነብና ጠዋት ይህን፣ ማታ ያን ትላቸዋለች። ከዚያ ነው መሰለኝ ፋርማሲ እማራለሁ የምትለው። መምህርቷም «ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ካልገባች ማን ሊገባ ነው?» ብላ ማመልከቻውን አብራት ሞላች።

ታዲያ አሁን የልደት ምስክር ወረቀቷ ይፈለጋል። ከቀበሌ አውጪልኝ፤ ማስወጫውን ልኬያለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ። እዚህ ስደተኛነት የጠየቅንበት ፋይል ላይ በእኔ ስም ነው ያለችው፣ ፍሬገነት ሀቢሶ ተብላ። ምስክር ወረቀቱም ላይ የአባት ስም ሀቢሶ ተብሎ ቢወጣ ነው የሚያዋጣን። ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ ሀቢሶ


ሌሞ፣ ሆሳዕና አጠገብ
መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀቢሶ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። እኔ አለሁ።

መስቀልን በሰላም አሳልፈናል። ሰው በየደጁ ተራርቆ ነው የበላው፤ ወጉ ቀርቷል። የእናንተን ድርሻ ቅቤ በየዓመቱ እንደማደርገው ለይቼ አስቀምጬ፣ የሚበላው ሲጠፋ ለጎረቤት ሰጠሁት። ላሟ ወልዳለች። ጉልበቴ እንዳለ ነው።

ልጄ በቁመት በለጠችኝ ብለሃል። የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ላክልኝ። እሑድ ስደውልላት «ሰላም ነኝ እማዬ» ትለኝና ዝም ትላለች። ሀድይኛው ጠፍቷታል፣ አማርኛውም የሱቅ አማርኛ ሆኗል፣ እኔ ደግሞ የእናንተን እንግሊዝኛ አላውቅም። ተነፋፍሰን እንዘጋዋለን።

ምስክር ወረቀቱን በተመለከተ፣ በበሽታው ምክንያት ጽሕፈት ቤቱ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። ስለ አባት ስም የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሶፎንያስ ስልኩን ይዤበት ስለቆየሁ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሽጉጤ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከባሌ የቀረችኝ ያች ልጅ ናት፤ እሷ ደግሞ ከአባቷ የቀራት ከስሟ ኋላ የሚጠራው ስሙ ነው። ዝርዝሩን ጻፍልኝ።

እህትህ አስካለች


ኦሬንጅ ፋርም
ኅዳር 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለአስካለች፣

ከማንም ይልቅ የምትናፍቂኝ እህቴ፣ የጌታ ጸጋ ካንቺ ጋር ይሁን። እኛ ደህና ነን። ፎቶውን ለሶፎንያስ ልኬዋለሁ። ፍሬገነት ፈተና ላይ ናት፤ የቀሯት ሦስት ናቸው።

ዝርዝሩን ጻፍልኝ ስላልሽ እነሆ።

ከአንቺ ዘንድ በመጣች በሁለተኛው ወር፣ በ2004 መሆኑ ነው፣ ወረቀት ላሠራላት ስደተኞች ቢሮ ይዣት ሄድኩ። በዘጠኝ ዓመቷ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ፣ እዚህ ላለ ያገራችን ልጅ ልትዳር የመጣችውን ሙሽሪት በለጥሽን ተከትላ የደረሰች ልጅ፣ ሰልፉ ላይ እግሬን ይዛ ቆማለች። ከጠረጴዛው ጀርባ አማርኛ የሚተረጉም ሰው አለ። «ምንህ ናት?» አለኝ። «ልጄ ናት» አልኩት። አንቺ ብትሆኚ ምን ትዪው ነበር? የእህቴን ልጅ ልጄ ካላልኳት ማን ልበላት ነው? እሱም ተረጎመው፣ ፈረንጁም ጻፈው። በኛ አገር ልጅ የወገን ነው፤ በነሱ ወረቀት ላይ ግን ልጅ ከወገብህ የወጣ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ደጅ ላይ አባ፣ ቤት ውስጥ አጎቴ እየተባልኩ ኖርኩ።

አሁን አሥራ ስምንት ዓመት ሞላት፤ ከእኔ ፋይል ወጥታ የራሷን መያዝ አለባት። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ዓይነት ክፍያ ነው ያለው፦ የአገር ልጅ ዋጋና የውጭ ሰው ዋጋ። የውጭ ሰው ዋጋ እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ያውም ሙሉውን ሳትከፍል በሩን አያሳዩሽም። በስሟ የታደሰ የስደተኛ ወረቀት ካላት ግን በአገር ልጅ ዋጋ ትማራለች። የኛ ነገር የተንጠለጠለው በዚያች ወረቀት ላይ ነው። ቢሮው በኮሮና ተዘግቶ በኢሜይል ብቻ ነው የሚሠራው፤ ኢሜይሉም «የልደት ምስክር ወረቀት ይዛችሁ ኑ» ይላል።

ሰዉ በዚህ ነገር ሲከራከር ብትሰሚ! ባለፈው ቅዳሜ ሬዲዮው ስለዚሁ ያወራል፣ ሱቁ ደጅ ሰልፍ አለ። ጎረቤታችን ጎጎ ማዚቡኮ፣ ጎጎ ማለት አያት ነው፣ «ይህች ልጅ የስኳር መድኃኒቴን የምታነብልኝ ናት፤ ከልጅ ልጆቼ የተሻለ ዙሉ ትናገራለች፤ የኛው ናት» አለች። ከኋላዋ የቆመ ሰው ሥራ ከፈታ ቆይቷል፤ ልጁ አምና ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎት ገንዘብ አጥቶ ቤት ቁጭ ብሏል። «ጎጎ፣ የኔ ልጅ ከበር ተመልሶ የማይ ፍሬንድ ልጅ በኔ ዋጋ ትግባ ነው የምትዪው?» አላት። «እዚህ አይደል እንዴ ያደገችው?» «እዚህ ማደግ ወረቀት አይሆንም።» እኔ ዳቦውን አቀበልኩትና በልቤ እውነት አለው አልኩ። ቀና ስል ፍሬገነት የፊዚክስ ደብተሯን ይዛ ጆንያው ላይ ተቀምጣለች፤ እሷም እውነት አላት። እታለም፣ ሁለት እውነት ሲገናኝ ማን እንደሚያስታርቅ አላውቅም።

ስለዚህ አባት ሀቢሶ ተብሎ ይውጣ። ፋይሉ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ውሸታም ተብዬ ሁሉም ነገር ይዘጋል። ሌላም የምነግርሽ ነበረኝ፤ ለዛሬ ይብቃኝ።

ወንድምሽ ሀቢሶ


ሌሞ
ጥር 8 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀቢሶ፣

ሰላም ለአንተና ለልጄ ይሁን። እኔ አለሁ።

የቆየሁት ታምሜ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ሳስብ ገናም ጥምቀትም ደረሰ። ፎቶውን አየሁት። አፍንጫዋ የሽጉጤ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እስቲ አንተው መልስልኝ። ቀበሌ ሄጄ አባት ሀቢሶ፣ እናት አስካለች ብላችሁ ጻፉልኝ ልበል? የአንድ እናት ልጆች! የቀበሌው ጸሐፊ የማን ልጅ እንደሆንን ያውቃል፤ አንተን በጀርባዬ አዝዬ ወንዝ ስወርድ ያየች እናቱ ዛሬም በሕይወት አለች። እንዲህ ያለ ነውር ከአፌ ሲወጣ መሬቱስ ዝም ይለኛል? ወይስ ያንተ ፋይል ላይ እናቷ ሌላ ሴት ናት? እኔ እዚያ ወረቀት ላይ ማን ተብዬ ነው ያለሁት? ሦስት ወር ሙሉ በየደብዳቤህ ስፈልገው አጣሁት።

እውነተኛውን አውጥቼዋለሁ። አባት ሽጉጤ፣ እናት አስካለች፣ ማኅተሙ የጠራ ነው። መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለ። ልላክልህ? ማስወጫ ብለህ የላክኸው ተርፎኛል፤ ሌላ አትላክ። በዚህኛው ወር ከምእመናኑ ሦስት ሰው ቀብረናል። ሰው በሞላበት ለቅሶ አልቅሼ አድጌ፣ በሩቁ ቆሜ መሸኘት አልለመድኩትም።

እህትህ አስካለች


ኦሬንጅ ፋርም
የካቲት 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህ ደብዳቤ በሶፎንያስ ስልክ የሚላክ አይደለም። አብዱልወሀብ የሚባል የወራቤ ነጋዴ አገር ስለሚገባ በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ መልስሽንም እሱው ይዞ ይመለሳል።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ውጤት ወጣ። ከትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ሆነች። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ ሁሉንም በከፍተኛ ማዕረግ ነው። ጎጎ ማዚቡኮ እልል ስትል ሰፈሩ ሰው ሞተ ብሎ ወጣ። ዩኒቨርሲቲው ፋርማሲ ተቀብሏታል። ወረቀቷን እስከ መጋቢት 22 ካቀረበች በአገር ልጅ ዋጋ ትመዘገባለች። ከዚያ ካለፈ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። ተርጓሚው «ምንህ ናት?» ካለኝ በኋላ ሌላ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር። «እናቷስ?» አለኝ። «የለችም» አልኩት።

እዚህ የለችም ማለቴ ነበር። አብራን የለችም፣ አገር ቤት ናት ማለቴ ነበር። ጌታ ምስክሬ ነው፣ አፌ ውስጥ ሌላ አልነበረም። አማርኛ የሁለታችንም ሁለተኛ ቋንቋችን ነው፤ ግን በአማርኛ አፉን ለፈታውም ቢሆን ቃሏ ያችው ናት፣ ለሄደም ለሞተም የለችም ነው። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። ለስደቴ ብርታት የተመኘልኝ መስሎኝ «አሜን» አልኩ። «ስሟ ማን ነበር?» አለኝ፤ «አስካለች» አልኩት። እናት፦ አስካለች፣ በሕይወት የለችም። የአባትሽ ስም እንኳ አልተጻፈም።

እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ሲነግረኝ ሰማይ ዞረብኝ። ተመልሼ ላስተካክል ስል ያገር ልጆች «ብትነካካው ፋይልህ ይዘጋል፣ ልጅቷንም አንተንም ያባርሯችኋል» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየስድስት ወሩ ያችን ወረቀት ሳሳድስ አንቺን እየቀበርኩሽ ተመለስኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ለኔ ነው። ፍሬገነት ይህን አታውቅም።

እውነተኛውን አትላኪው። እሱ ከመጣ ፋይሉ ሐሰት ነው ይባላል። ማንም የማያውቅሽ ከተማ ሂጂና አባት ሀቢሶ፣ እናት በሕይወት የለችም የሚል አውጪልኝ። ምን እየጠየቅሁሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ መንገድ ባገኝ ኖሮ አልጠይቅሽም ነበር። ጊዜ የለንም።

ሀቢሶ


ሌሞ
መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለሀቢሶ፣

ሰላም ይሁንልህ። እኔ አለሁ ብዬ ልጀምር ስል ሳቄ መጣ። ይኸው ተሳሳቅን እንበል።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዓርብ ነው። ቅዳሜና እሑድ አልጋ ላይ ዋልኩ። ጎረቤቱ ኮሮና ያዛት ብሎ ከደጅ ሆኖ ጠየቀኝ። ሰኞ ተነስቼ ልብሴን አጠብኩ፣ ማክሰኞ አሰገደችንና ባሏን ለምስክርነት ይዤ ተሳፈርኩ። የሄድኩበትን ከተማ ስም አልጽፍልህም። አሰገደች መንገዱን ሁሉ «ውሸት እኮ ነው አስኪ» አለችኝ። «ምን ላድርግ?» አልኳት። ከመኪናው ግን አልወረደችም።

ጸሐፊው ልጅ እግር ነው፣ ትሑት። «ለልጅቷ ምኗ ነዎት?» አለኝ። «አክስቷ ነኝ፣ የአባቷ እህት» አልኩት። እስከዚህ ግማሹ እውነት ነው፣ ያንተ እህት ነኝ። «እናቷስ?» አለኝ። ያንተን ቃል ያንተው አፍ እንዳላት አድርጌ «የለችም» አልኩት። ሰማህ ሀቢሶ? እኔም አልኳት። ቀላል ቃል ናት፣ ምላስ አይከብዳትም።

«ስሟ?» ሲለኝ «አስካለች» አልኩ። መታወቂያዬን ገልብጦ አየና «ከእርስዎ ጋር አንድ ስም ነው» አለ። «አዎ፣ ሞክሼ ነን» አልኩት። ብዕሩን አስቀምጦ «ሞክሼዎን አጡ ማለት ነው፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ» አለኝ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። እሱ ለሟቿ መሰለው፤ አልተሳሳተም። አሰገደች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ምስክሮቹ ፈረሙ፣ ማኅተም ተመታ፣ ወጣን። ከጽሕፈት ቤቱ በር እስከ መናኸሪያው ድረስ ሰው ሰላም ሲለኝ የሚያየኝ አልመሰለኝም።

ወረቀቱ ይኸው፣ አብዱልወሀብ ይዞታል። ሽጉጤ የለበትም። እኔም የለሁበትም። ልጄን አስመዝግብበት።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ለፍሬገነት አትንገራት። እናቷ እንዲህ ብላ ቃሏን የሰጠች ሴት መሆኗን አትወቅ።

አስካለች


ኦሬንጅ ፋርም
ሰኔ 2 ቀን 2013 ዓ.ም.

እታለም፣

ምን ብዬ ሰላም ልበልሽ። ጉልበትሽን አልጠይቅም፣ ከብቱንም አልጠይቅም። የሆነውን እንዳለ ልጽፈው ነው፤ አንብበሽ ስትጨርሺ የፈለግሽውን በዪኝ።

ወረቀቱ መጋቢት 19 ደረሰ። በነጋታው እኔው ይዤው ሄድኩ። ሱፍ ለብሼ፣ ጫማ አስጠርጌ። ከበሩ ላይ ተቀበሉኝና ትጠራላችሁ አሉኝ። ቀኑ አለፈ፣ የዩኒቨርሲቲው ቀነ ገደብም አብሮ አለፈ፤ መምህርቷ ለምና አንድ ወር አስጨመረችልን። በሚያዝያ መጨረሻ ተጠራን።

አንዲት ሴትዮ ናት ያነጋገረችን፣ ክፉ አይደለችም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋች። አንዱ ያንቺ ነው፣ ያ የሟች። ሁለተኛው ፍሬገነት በየካቲት መጀመሪያ በስልኳ ሞልታ የላከችው ቅጽ ነው። አሥራ ስምንት ስለሞላት በቀጥታ ለእሷ ነበር የላኩላት። እኔ አላየሁትም፣ አልነገረችኝም። እዚያ ላይ አባት፦ ሽጉጤ፣ ሞቷል። እናት፦ አስካለች፣ በሕይወት አለች። ሀቢሶ፦ አጎት፣ ያሳደገኝ። ከታች ደግሞ ስልክ ቁጥርሽን ጽፋለች፣ ደውሉላት ብላ።

ሴትዮዋ «ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው፣ የትኛው ነው?» አለች። ፍሬገነት ያንቺን ወረቀት አንስታ አነበበችው። አክስት፦ አስካለች የሚለው ላይ ስትደርስ ፊርማሽን አወቀችው። «አንክል፣» አለችኝ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ «ሺ ኢዝ አላይቭ፣ በሕይወት አለች። እማዬን ይህን አስፈርመሃታል?» ሰው ፊት ደጅ ላይ አባ ማለቷን ያን ቀን ተወች።

እህቴ፣ የሚቀጥለውን ባልጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከዚህ ወዲያ የምደብቅሽ ነገር አይኖርም። ሴትዮዋ እንዲህ አለችን፦ «የተርጓሚ ስህተት በየቀኑ የምናየው ነው። ይህ የልደት ምስክር ወረቀት ልጅቷ ከሞላችው ጋር ቢስማማ ኖሮ፣ አንተ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ቃለ መሐላ ትፈርማለህ፣ እኛም እናርመዋለን። አሁን ግን በእጄ ያለው ሐሰተኛ ሰነድ ነው፣ ያቀረብከውም አንተ ነህ።» እውነተኛው፣ መጽሐፍ ቅዱስሽ ውስጥ ያለው፣ ልላክልህ ያልሽኝ፣ እሱ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ልላክልህ ስትዪኝ አትላኪ ያልኩሽ እኔ ነኝ።

ፋይላችን ተዘጋ፣ የኔም የእሷም። ይግባኝ ጠይቀን ሳምንት እየቆጠርን እንጠብቃለን፤ የጠየቅሁት ጠበቃ አይኔን ሳያይ ነው ያወራኝ። ዩኒቨርሲቲው ቦታዋን ለሌላ ሰጥቷል። በሚመጣው ዓመት በውጭ ሰው ዋጋ ማመልከት ትችላለች የሚል ደብዳቤ ጽፎልናል፣ በአክብሮት።

ያ ሰልፍ ላይ የተከራከረው ሰውዬ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ዳቦውን ተቀበለና «የኔም ልጅ እቤት ነው» ብሎኝ ሄደ። በክርክሩ ማንም አልረታም። ጎጎ አሁንም መድኃኒቷን ይዛ ትመጣለች፤ ፍሬገነት ሽቦው ጀርባ ቆማ ታነብላታለች። ሳትለግም ትሠራለች፣ ዕቃ ትደረድራለች፣ መልስ ትሰጣለች። ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ ዕቃ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጠየቅኋት። «አልጠየቅኸኝም» አለች። ቆይታ ደግሞ «ቅጹ ላይ ያለችና የለችም የሚሉ ሁለት ሳጥን ነበሩ። እሑድ እሑድ የምትደውልልኝ ሴት ናት። ምን ብዬ ልሙላ?» አለችኝ።

ከዚህ በታች ያለው የእሷ ጽሕፈት ነው። ፊደሉን ስታስታውስ አንድ ቀን ፈጀባት፤ አላረምኩትም።

ሀቢሶ

እማዬ እኔ ፍሬገነት ነኝ። ፊደል ረሳሁ ይቅርታ። ዩንቨርስቲ አልገባውም። ቅጹን እንደዛ የሞላሁት ላንቺ ብዬ አደለም እውነት ስለሆነ ነው። ለኔ ብለሽ ያረግሽውን አየሁ። አትዘኚ። እማዬ አለሽ።


ሌሞ
ነሐሴ 9 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬገነት ሽጉጤ፣ ሀቢሶም ቆሞ ያንብብልሽ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ።

ደብዳቤያችሁ ከደረሰኝ ሁለት ወር አለፈው። በየሳምንቱ ወረቀት አወጣለሁ፣ ሰላምታውን እጽፋለሁ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የለመድኳት «እኔ አለሁ» ላይ ስደርስ ብዕሬ ይቆማል። ዛሬ ዘልያት ነው የጻፍኩት።

እሑድ ምእመናን ፊት ቆሜ ያደረግሁትን ተናገርኩ። ማንም አላጋለጠኝም፣ ሶፎንያስም ዝም ብሎኝ ነበር። ለስድስት ወር ከጌታ ራት ታግጃለሁ። አሰገደችም ከኔ ጋር ቆመችና እሷም ታገደች። ሽማግሌዎቹ «ለመሆኑ ውሸቱ የፈለግሽውን አስገኘልሽ?» አሉኝ። አላስገኘም አልኳቸው።

ሀቢሶ፣ አልረግምህም። በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ ነህ። ግን ለጥቂት ጊዜ ቀጥታ ለኔ አትጻፍ።

ፍሬዬ፣ እውነተኛው ወረቀት እዚህ አለ። ማንም አይጠይቀውም እንጂ ማኅተሙ እንደ ጠራ ነው። እናንተ ካላችሁበት መውጫ ወረቀት የላችሁም፣ እኔም ወደናንተ የምመጣበት የለኝም። እንደማንተያይ አውቄዋለሁ፤ አንቺም ሳታውቂው አልቀረሽም። ለመሄድሽ እሺ ያልኩት ትማሪ ብዬ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ስትጽፊልኝ «አለሽ» ብለሽ አትዝጊው። እሱን ቅጹ ላይም ጽፈሽው አልጠቀመንም፣ እኔም ማመን አቅቶኛል። እንደ አገራችን ሰው «እማዬ፣ አለሽ ወይ?» ብለሽ ጠይቂኝ። ሲጠይቁኝ መመለስ ምናልባት እችል ይሆናል።

እናትሽ
አስካለች